አራተኛው መቀመጫ

ሞላልኝ ከውሃ ጋር ጸብ ያለው ሰው ነው። የጥምቀት ዕለት ሕዝቡ ታቦቱን አጅቦ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ እሱ የፓርኪንግ አስተናጋጅ ሰደርያ አጥልቆ ከላይ ከመኪኖቹ ጋር ይቀራል። በሚኖርባት በቴክሳሷ ኧርቪንግ ከተማ የሚያውቁት ሁሉ ትሑት ነው፣ ሰው ሲዘምር እሱ መኪና ይጠብቃል ይሉታል። እሱም አንድ ቀን እንኳ አላረማቸውም።

ይኸው ሰው ነው ባለፈው ግንቦት፣ በአንድ ቅዳሜ ጧት፣ ግሬፕቫይን ሐይቅ ላይ፣ ስድስት ሰው በምትይዝ ቀጭን ረጅም ታንኳ ውስጥ አራተኛው መቀመጫ ላይ ተቀምጦ፣ ታንኳዋ የምትገለበጥበትን ደቂቃ ሲጠብቅ የነበረው።

ሞላልኝ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። በሃያ አምስት ዓመቱ ከአብሮ አደጉ ከንዋይ ጋር በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ወርዶ፣ ወደ የመን በሚሻገር የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ተሳፈረ። ሰማንያ የሚሆን ሰው እንደ ሽንኩርት ጆንያ ተደራርቦ ተቀመጠ። ባለጀልባዎቹ ዱላ ይዘዋል፤ ትእዛዛቸውም አንድ ብቻ ነው፤ እንዳትነሱ። ጎሕ ሲቀድ የማዶው ዳርቻ ታየ። ዳርቻው ሲታይ ሰው ዱላውን ረሳ። ለማየት በአንድ ወገን ብድግ ሲል ጀልባዋ ተገለበጠች። ሞላልኝ ቢጫ ጀሪካን አቅፎ ወጣ። ንዋይ አልወጣም። የተረፉት አሸዋው ላይ ተበታትነው ሲወድቁ፣ ስንት ነበርን፣ ስንት ቀረን ብሎ የቆጠረ አንድም ሰው አልነበረም።

ከስደተኞች ካምፕ ወደ ቴክሳስ መጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራ አላጣም፤ የአየር ማረፊያ ሠራተኞችን ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል በአውቶቡስ ያመላልሳል። አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። የንዋይ እናት እትዬ ዓለምሸት ግን አገር ቤት ሆነው መቃብር የሌለውን ልጃቸውን በየዓመቱ ሲዘክሩ ኖሩ። ከሦስት ዓመት በፊት ሴት ልጃቸው ዕፀ ሕይወት እዚያው ቴክሳስ፣ ወደምትኖርበት ጋርላንድ አመጣቻቸው። ሞላልኝ እንኳን ደህና መጡ ሊል በሄደ ቀን፣ ከሻንጣቸው በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለች፣ የሳል ሽሮፕ የነበረባት ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ውስጧ ያለው ንዋይ ክርስትና ከተነሳበት ደብር የተቀዳ ጸበል ነበር።

«ልጄ አፈር አላገኘም» አሉት። «ይቺን ባሕር ውስጥ አፍስስልኝ። ዳሩ ላይ፣ ሰው እግሩን ከሚታጠብበት እንዳይሆን። ገባ ብለህ፣ ከጥልቁ። ባሕር እንደሁ አንድ ነው፤ ከየትም ቢፈስ ይደርሰዋል።»

ሞላልኝ እሺ አለ። ሌላ ምን ይላል? መንገድ ሲወጣ መጥቶ ሊወስዳት ተስማምተው ጠርሙሷ እሳቸው ዘንድ ቀረች። በመጀመሪያው ዓመት ሺፍት አላመቸኝም አለ። በሁለተኛው ዓመት መኪናውን ሰበብ አደረገ። እትዬ ዓለምሸት አልጨቀጨቁትም። ጠርሙሷ ግን በሄደ ቁጥር ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ቆማ ታየዋለች።

የአየር ማረፊያው ጎረቤት በሆነችው ዩለስ ብዙ የቶንጋ ሰዎች ይኖራሉ፤ አውሮፕላን ላይ ሻንጣ ከሚጭኑት ውስጥ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ኦፋ ከእነሱ አንዷ ናት፤ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ሳቋ ቀድሟት አውቶቡስ የሚገባ ሴት። አንድ ጧት ረጅም መቅዘፊያ ይዛ ተሳፈረች። ሞላልኝ ምን እንደሆነ ጠየቃት። አባቶቿ ከደሴት ደሴት ይሻገሩባት የነበረችውን ታንኳ እዚህ ሐይቅ ላይ እንደሚቀዝፉ፣ በየሰኔውም ገልቨስተን ወርደው ባሕር ላይ እንደሚወዳደሩ ነገረችው።

ባሕሩ ውስጥ ገባ ትላላችሁ ወይ አላት። ዳርቻው ክር እስኪመስል ድረስ አለችው። ያን ጊዜ ስለ ጠርሙሷ ነገራት። ኦፋ አልሳቀችም። ቅዳሜ ና ብላው ወረደች።

ታንኳዋ በጣም ቀጭን ስለሆነች ብቻዋን ውሃ ላይ አትረጋም። በስተግራዋ በሁለት ቆልማማ እንጨቶች የታሰረ ረጅም ተንሳፋፊ አላት፤ ሚዛኗ እሱ ነው። ወደ ግራ ብታጋድል ተንሳፋፊው ይደግፋታል። ወደ ቀኝ ካጋደለች ግን የሚይዛት የለም። ስድስቱ ሰዎች በተርታ ይቀመጣሉ፤ አሥራ አራት ጊዜ በአንድ ወገን ቀዝፈው ከመካከላቸው በአንዱ ጥሪ ወደ ሌላው ወገን ይዞራሉ። ይህ ለሞላልኝ አልከበደውም። በሰሙነ ሕማማት ስግደት ሲቆጥር የኖረ ሰው አሥራ አራት አይጠፋውም። በአምስት ወር ውስጥ ክንዱ ጠነከረ፤ ላይፍ ጃኬቱን እስከ አገጩ አጥብቆ፣ ዓይኑን ከፊቱ ካለው ሰው ጀርባ ሳይነቅል ይቀዝፍ ነበር።

የከበደው ፈተናው ነው። ወደ ባሕር የሚወርድ ሁሉ አስቀድሞ ሐይቁ ላይ ይፈተናል። ታንኳዋ ሆን ተብላ ትገለበጣለች። እያንዳንዱ ከሥሯ ወጥቶ የመቀመጫውን ቁጥር በተራው ይጠራል፤ ከዚያ ተጋግዘው ያቀኗትና ማንም ሳይጎትተው ራሱ ይሳፈራል። ሞላልኝ ሁለት ጊዜ ወድቋል። በመጀመሪያው ቀን ታንኳዋ ከምትታሰርበት የእንጨት መትከያ አልነቃነቅም አለ። በሁለተኛው ቀን እንጨቱ ላይ ተጣብቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቁጥሩን ሳይጠራ ቀረ፤ አጃቢዋ ሞተር ጀልባ መጥታ እንደ ዕቃ አነሳችው።

የዚያ ቅዳሜው ሦስተኛው ነበር። ወደ ገልቨስተን የሚወርዱት ሰዎች ስም የሚላከው በዚያው ዕለት ነው፤ ዛሬ ከወደቀ ዘንድሮ ባሕር የለም። እትዬ ዓለምሸት ደግሞ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ክረምቱን ሐኪም ቤት ነበሩ።

የሰሞኑ ዝናብ ሐይቁን ሞልቶ ውሃው እንደ ጠላ አተላ ደፍርሷል። የደቡብ ነፋስ ይገፋል። አውሮፕላኖቹ በላያቸው ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ኦፋ ስድስተኛው መቀመጫ ላይ፣ መሪው ቦታ ላይ ሆና፣ ታንኳዋን ከመትከያው ወደ ሠላሳ ሜትር አርቃ አቆመች። መጀመሪያ እንነጋገር፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት አልገለብጣችሁም አለች። ሞላልኝ በስመ አብ ብሎ አማተበ።

በዚህ መካከል በቀኝ በኩል ሰው በመትከያው ላይ ሲመጣ ታየው። ነጭ ነጠላ፣ ከዘራ፣ ቀስ ያለ እርምጃ፤ ከኋላ ክንዳቸውን የያዘች ዕፀ ሕይወት። እትዬ ዓለምሸት ሞላልኝ የሚፈተንበትን ውሃ ካላየሁ ብለው ሳይነግሩት መጥተው ነበር።

ሞላልኝ ያሰበው ነገር የለም። ታላቅ ሰው ሲመጣ ብድግ ማለት ከአእምሮ በፊት ጉልበት የሚያውቀው ነገር ነው።

«ኖር!» አለና ወደ ቀኝ ዞሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ተነሳ።

ተንሳፋፊው በግራ በኩል ከውሃው ወጥቶ ሽቅብ ሲሄድ አንድ ሰው ጮኸ። ከዚያ ሰማዩ ዞረ።

ዓይኑን ሲገልጥ ጨለማ ነው። ላይፍ ጃኬቱ ሽቅብ ገፍቶ በተገለበጠችው ታንኳ ሆድ ውስጥ ወትፎታል፤ ከአፉ እስከ እንጨቱ አንድ ስንዝር አየር አለ። በሁለት እጁ የመቀመጫውን እንጨት ጨብጧል። ለመውጣት ጃኬቱን ተጋፍቶ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ እጁ ግን አይላቀቅም። ውሃው አፉ ውስጥ ገባ። ጭቃ ጭቃ ይላል እንጂ ጨው የለውም። አእምሮው ግን ጨው ነው አለው።

ከውጭ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ፣ የቆጠራው ድምፅ ተሰማ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ዝም።

አምስተኛዋ አልተናገረችም። የኦፋ ሕግ ነው፤ አራት ሳይል አምስት የለም። አንድ ቁጥር ከጠፋ ከአንድ ይጀመራል።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ዝም።

ሞላልኝ ያቺ ዝምታ የሱ እንደሆነች ገባው። አምስት ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ አራትን እየጠበቀ ነው። ያን ጊዜ በቀይ ባሕር ላይ አንድ ሰው እንዲህ ቆጥሮ ቢሆን፣ አንድ ሰው ንዋይ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ቢጠብቅ አለ በልቡ። ሦስተኛው ቆጠራ ሲጀመር ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀ። የቀረችውን አየር ሳበ። ወደ ታች ገባ። ጃኬቱ መልሶ ሲያነሳው ጭንቅላቱ ከታንኳዋ ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ደግሞ ገባ፤ በእግሩ ገፋ፤ ብርሃን ዓይኑን መታው።

«አራት!» አለ፤ በአማርኛ ነው ያለው።

ያንን ቃል ከዚያ መካከል የሚያውቀው አልነበረም። ቢሆንም «አምስት» አለች አምስተኛዋ። ኦፋም «ስድስት» አለች።

የሞተር ጀልባው ሰው ገመድ ሊወረውርለት እጁን አነሳ። ከያዘው ፈተናው እዚያ ላይ ያበቃል። ሞላልኝ ራሱን ነቀነቀ። በታንኳዋ ሆድ ላይ በደረቱ ወጣ፤ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ፤ በሦስተኛው ቆልማማውን እንጨት ያዘ። አሁን ቁምና ወደ ኋላህ ተንጠልጠል አለችው ኦፋ፤ ጊዜው አሁን ነው። ቆመ። በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላው ተጣለ፤ ሌሎቹ ከማዶ ተንሳፋፊውን ገፉ። ታንኳዋ አቃሰተችና ዞረች። እሱ ዳግመኛ ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ ወጣ፤ ማንም ሳይነካው ተሳፈረ፤ በተቆረጠ ፕላስቲክ ጋሎን ውሃውን መቅዳት ያዘ።

ኦፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና ለማን ብሎ እንደተነሳ ጠየቀችው። ወደ መትከያው አመለከታት። አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን በከዘራቸው ላይ ጭነው ሳይነቃነቁ ቆመዋል።

«በኛ አገር ለታላቅ ይቀመጡለታል እንጂ አይነሱለትም» አለችው። «ቤትህ እንደ አባቶችህ ሁን። ታንኳዬ ላይ ግን ቶንጋዊ ነህ፤ ንጉሥ ቢመጣ እንዳትነሳ።» ከዚያ ስምህን ለገልቨስተን መዝግቤያለሁ አለችው።

ሞላልኝ መትከያው ላይ ወጥቶ ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል እትዬ ዓለምሸት ነጠላቸውን ገፈው አለበሱት። ዕፀ ሕይወት ተቆጣችው።

«ማለቴ፣ ምን ሆነህ ነው የተነሳኸው? ጀልባ ላይ እኮ ነህ። ሃርቴ ሊቆም ነበር፣ ሲሪየስሊ!»

እትዬ ዓለምሸት ግን ረጋ ብለው፣ ሐይቁን እያዩ፣ ለኔ ብለህ ነው አሉት። አዎ አላቸው።

«ያን ጊዜስ? ማዕበል ነው ብለኸኝ ነበር።»

ሞላልኝ ከፀጉሩ ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ ቆመ። ጠርሙሷን በሁለት እጃቸው መካከል አያት። ይዘዋት መጥተዋል። እውነቱን ከነገራቸው መልሰው በነጠላ ሊጠቀልሏት ይችላሉ። ቢዋሽ ደግሞ ይዟት ይሄዳል፤ ግን የዋሸ እጅ ምን ያፈስሳል?

«ማዕበል አልነበረም፣ እትዬ። ሰው ተነስቶ ነው። እኔም ተነስቻለሁ።»

«ንዋይስ?»

«እሱ ተቀምጦ ነበር። ቀሚሴን ይዞ፣ ተቀመጥ እያለኝ ነበር።» ሸሚዝ ማለቱ ነበር፤ ምላሱ ተሳስሮ ነው።

አንድ አውሮፕላን አለፈ። ሞላልኝ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።

«አባቱም እንዲሁ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሁሉ ሲሯሯጥ እሱ ይቀመጣል። እሰድበው ነበር።» እንባቸው በጉንጫቸው መስመር ወረደ፤ አልጠረጉትም። የሞላልኝን እጅ ፈልገው መዳፉ ውስጥ ጠርሙሷን አስቀመጡና ጣቶቹን በራሳቸው ጣቶች አጠፉለት። «ይህንንም አስከትለህ ንገረው። ለእናትህ ነገርኳት በለው።»

በሰኔ፣ ከውድድሩ አንድ ቀን በፊት ጧት፣ ኦፋ ታንኳዋን ከገልቨስተን ዳርቻ አውጥታ ዳርቻው ክር እስኪመስል ድረስ ወሰደቻቸው። መቅዘፊያዎቹ ቆሙ። ማዕበሉ ታንኳዋን እያነሳ ያወርዳታል፤ የሞላልኝ እጅ ርሶ ክዳኑ እንቢ አለው፤ በጥርሱ ከፈተው። በዚያ ሰዓት ሰውነቱ ሁሉ ተነስ ይለው ነበር። ጸበል በእጁ ይዞ፣ በሙት ፊት ተቀምጦ አያውቅም። ጉልበቱን በጉልበቱ ላይ አጣብቆ፣ በግራ በኩል በተንሳፋፊው ወገን ጎንበስ ብሎ፣ ተቀምጦ አፈሰሰ። የሚለውን በልቡ አለው፤ የእናቱንም መልእክት ጨመረለት።

ባዶዋን ጠርሙስ ጃኬቱ ውስጥ ከተተና መቅዘፊያውን አነሳ። ከኋላው ኦፋ ሁሉም እንዳለ ልታረጋግጥ ቁጥራችሁን ጥሩ አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አሉ ከፊቱ ያሉት።

ሞላልኝ አላስጠበቃቸውም።