ለአባቴ ያቀድኩት የፊዮርድ ጉዞ

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ከሲያትል ተነስቶ የአላስካን ፊዮርዶች፣ ማለት በገደል መካከል የሚገባውን ባሕር፣ ለማየት ለሚያስብ ሰው ነው። ስለ መርከቡ፣ ስለ ልብሱና ስለ ምግቡ እናገራለሁ። ያጠፋሁትንም እናገራለሁ፤ እሱን ዘልዬ የቀረውን ብቻ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

የምሠራው ሲታክ፣ ከሲያትል ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። በየበጋው መርከብ ሊሳፈሩ የመጡ ሽማግሌዎችን ስቀበልና ስሸኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሲመለሱ ፎቶ ያሳዩኛል፤ ከገደል የሚወርድ ፏፏቴ፣ ሰማያዊ በረዶ፣ በበረዶ ላይ የተጋደመ አቆስጣ የሚባል የባሕር እንስሳ። "እኔስ አባቴን መቼ?" እያልኩ ሁለት ዓመት አቀድኩ። እኔ እቅድ ስይዝ ደግሞ አያድርስ ነው። ቀኑን በሰዓት ሸንሽኜ፣ አትሜ፣ ፍሪጅ ላይ እለጥፋለሁ። እህቴ "ያንቺ እረፍት ከሥራ ይብሳል" ትለኛለች፤ አልተሳሳተችም።

አባባ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። ዴንቨር ከእህቴ ጋር ይኖራሉ። በሐምሌ፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ሁለት ሳምንት ሊቆዩ እኔ ዘንድ፣ ኬንት መጡ።

ሐሙስና ዓርብ፣ ኬንት

ከኤርፖርት ሳወጣቸው ገና ቀበቶ ሳያስሩ "የወልዱ ቤት ከዚህ ሩቅ ነው?" አሉኝ።

ጋሽ ወልዱ ሬንተን፣ ከልጃቸው ከሳባ ጋር ይኖሩ ነበር። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ከአባባ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ድንኳን ውስጥ እያደሩ ባሌንና ከፋን የቀየሱ ሰው ናቸው። ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይሄዱ ነበር። ከኤርፖርቱ እስከ ሬንተን ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው።

"አባባ፣ አሁን መንገዱ ተዘጋግቷል። ነገ እሳቸው እጥበት አላቸው፣ እኛም ልብስ እንገዛለን። ስንመለስ አራት ቀን ሙሉ አለዎት፤ ከፈለጉ እዚያው ያድራሉ" አልኳቸው።

"እንዳልሽ፣ ልጄ።"

ይቺን "እንዳልሽ" አውቃታለሁ። ልጁ ቤት እንግዳ የሆነ አባት ይሉኝታ ሲይዘው የሚላት ቃል ናት። አባባ የፈለጉት ነገር ሲሆን "ተነሺ እንሂድ" ነው የሚሉት። አውቄ እንዳላወቀ ሆንኩ፤ ሬንተን ፍሪጁ ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ውስጥ አልነበረችም።

ዓርብ ማታ በስልክ ተገናኙ። "አንተ፣ ውሃ ላይ ደግሞ ምን ልትቀይስ ነው?" ብለው ጋሽ ወልዱ ሲስቁ ሳል ያዛቸው። "ሂድ፣ አይተህ ና። መጥተህ ትነግረኛለህ።"

ለሚጓዝ ሰው፦ የዝናብ ጃኬት ከዚሁ ግዙ። እኛ ኬንት ካለ የቅናሽ ሱቅ ሁለቱን በሰባ ዶላር ገዛን፤ መርከቡ ላይ በዚያ ዋጋ አንዱንም አታገኙም። መርከቡ ካናዳ ስለሚቆም ፓስፖርትና ግሪን ካርዳችሁን አስቀድማችሁ እዩ። ሚጥሚጣ ያዙ። ምግቡ ሞልቶ የተረፈ ነው፤ ጣዕም ግን የለውም።

ቅዳሜ፣ ከሲያትል

ከሰዓት በኋላ መርከቡ ከወደቡ ሲላቀቅ አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በረንዳ ያለው ክፍል ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም ስላልቀረው ባለ መስኮቱን ነበር የያዝኩት። እሳቸው ግን ክፍል ውስጥ መች ተቀመጡና! ቀን ሙሉ መርከቡ አናት ላይ ቆመው፣ ትንሽ ደብተር ላይ የተራሮቹን ተዳፋት በእርሳስ ይነድፋሉ። አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ሠዓሊ መስለዋት አድናቆቷን ገለጸችላቸው። "ንገሪያት፣ ሥዕል አይደለም፤ መንገድ ነው" አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጁኖ

ጁኖ የአላስካ ዋና ከተማ ናት፤ ከሌላ ከተማ የሚያገናኛት መንገድ ግን የላትም። ይህ ለአባባ ተአምር ሆነባቸው። ወደ በረዶው ግግር የሚወስደውን አውቶቡስ ሾፌር በእኔ አስተርጓሚነት አፋጠጡት።

"መንገድ ከሌለ ሰው እንዴት ይወጣል?"

"ወይ በመርከብ፣ ወይ በአውሮፕላን" አለ ሾፌሩ።

"እና ቀያሽ አልመጣም?"

"መጥቶ፣ አይቶ ተመለሰ" ብሎ ሾፌሩ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ወደብ ዳር የተጠበሰ ሳልሞን በላን። ከዚያ አባባ ለጋሽ ወልዱ የሚሆን የአካባቢውን ካርታ ሊመርጡ አንድ ሱቅ ገቡ። እኔ ደጅ ቆሜ ሳለሁ ሳባ ኮል አደረገች።

"ሜሮን፣ አባዬ አረፈ። ሌሊት፣ እንደተኛ" አለችና አለቀሰች። ቆይታ፣ "ሶ፣ ቀብሩ ዓርብ ነው። ፕሊስ፣ መንገድ ላይ እንዳትነግሪያቸው። በዚህ ዕድሜያቸው፣ ባሕር ላይ፣ ምን ይሆናሉ? ስትመለሱ ሽማግሌ ሰብስበን እናረዳቸዋለን" አለችኝ።

"ኦኬ፣ አልነግራቸውም" አልኳት።

መርዶ እኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ማለዳ፣ በቤቱ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዘው እጅ ባለበት ነው የሚነገረው። ይህን ማንም ያውቃል። ግን እዚያው ቆሜ ስልኬን ከፈትኩና አየሁ። ያን ዕለት ማታ ወደ ሲያትል የሚበር አውሮፕላን ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ባዶ ወንበርም አለው። አባባ ረቡዕ ሬንተን ይሆናሉ። ዓርብ ጓደኛቸውን ይቀብራሉ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ለራሴ "ደንብ ነው" አልኩ። እውነቱን ልናገር፤ ደንብነቱ ግማሹ ነበር። ሌላው ግማሽ፣ ሁለት ዓመት ያቀድኩት ፊዮርድ ነገ ነበር።

አባባ ካርታውን ጠቅልለው፣ ደስ ብሏቸው ከሱቁ ወጡ።

ረቡዕ፣ ፊዮርዱ

ፊዮርድ ማለት የበረዶ ግግር በብዙ ሺህ ዘመን ቦርቡሮ፣ ኋላ ባሕር የገባበት ጠባብ ሸለቆ ነው። ኢንዲኮት አርም ወደሚባለው ፊዮርድ የገባነው በማለዳ ነበር። ግራና ቀኝ ቀጥ ያለ ድንጋይ፣ በየስንጥቁ ፏፏቴ፣ ውሃው አረንጓዴ። ሰፌድ የሚያክልም ቤት የሚያክልም በረዶ ይንሳፈፋል። ጫፉ ላይ ግግሩ ሰማያዊ ሆኖ ቆሟል፤ አንዱ ወገን ሲናድ መጀመሪያ ታዩታላችሁ፣ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውብ ነገር አላየሁም። ያን ቀን ግን አስጠላኝ።

አባባ ካርታውን ዘርግተው በእርሳስ ያሰምሩበታል። "እዚህ ጋ ዋሻ ነው የሚያዋጣው። ወልዱ ግን ድልድይ ይላል። ድልድይ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም።" ከዚያ "ቅረጪኝ" አሉኝና ጃኬታቸውን አስተካክለው በስልኬ ፊት ቆሙ።

"ወልዱ፣ ታያለህ አይደል? ይኼን ተዳፋት እየው። እስኪ ድልድይህን የት ላይ ታስቀምጠዋለህ? ቅዳሜ መጥቼ እከራከርሃለሁ።"

ስልኩን አወረድኩና የጃኬቴን ቆብ እስከ ዓይኔ ሳብኩ። "በርዶሻል፣ ግቢ" አሉኝ።

"ላኪለት" ሲሉኝ ኔትወርክ የለም አልኳቸው። እሱስ እውነት ነበር። ማታ ኔትወርክ ሲመጣ ግን ሁለተኛ ጠየቁኝ፤ ልኬያለሁ አልኩ።

ዓርብ

ቀብሩ በሚፈጸምበት ሰዓት እኛ ካናዳ ወዳለችው ቪክቶሪያ እየተጓዝን ምሳ ላይ ነበርን። አባባ ከአስተናጋጁ ጋር በምልክት እየቀለዱ ሾርባው ላይ ሚጥሚጣ ይነሰንሳሉ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። ማታ ስለደረስንባት ቪክቶሪያ የምጽፈው የለኝም፤ መብራት አይቻለሁ፣ ሌላ አላስታውስም።

ቅዳሜ ጠዋት ሲያትል ወረድን። ከወደቡ በቀጥታ "ተነሺ፣ ሬንተን እንሂድ" አሉኝ። ጋሽ ወልዱ ደክሟቸው ተኝተዋል፣ ነገ ይሻላል አልኩ። ይህም ሌላ ውሸት ነበር።

እሑድ ማለዳ፣ ኬንት

አንድ ቄስ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ሳባ ገና ሳይነጋ በሬን አንኳኩ። አባባ ጥቁር የለበሰችውን ሳባን አዩና አልጋቸው ላይ ተቀመጡ።

"ወልዱ ነው?"

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" አሉ ቄሱ።

ብዙ አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ ትከሻቸውን ይዘው አጽናኗቸው። እኔም እየተንሰቀሰቅኩ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ዘግይተው ፊታቸውን ጠረጉና ሳባን ጠየቋት።

"መቼ?"

"ማክሰኞ፣ አባባ።"

"ቀብሩስ?"

"ዓርብ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "ማክሰኞ የት ነበርን?"

"ጁኖ።"

"ያን ጊዜ ሰምተሻል?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እንደርስ ነበር እኮ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

አንዱ ሽማግሌ "ለእርስዎ ታስቦ ነው፤ ደንቡም ይኸው ነው" ሲሉ አባባ እጃቸውን አነሱ። "ደንቡማ መድረስ ለማይችል ነው። እኔ እችል ነበር።"

ሳባም አቀረቀረች። በኋላ "እኔ ነኝ አትንገሪ ያልኩሽ" አለችኝ። እሷ ግን የአውሮፕላኑን ወንበር አላየችም፤ ያየሁት እኔ ነኝ።

አባባ የቀሯቸውን አራት ቀናት ሬንተን፣ ሐዘን ቤት ተቀመጡ። ለቅሶ ደራሹ ቀንሶ ነበር። ከመጣው ሰው ሁሉ ስለ ቀብሩ ይጠይቃሉ፤ አስከሬኑን እነማን ተሸከሙ፣ ዝናብ ነበረ ወይ፣ ማን ተናገረ። ቪዲዮውን ግን አላነሱትም፤ እኔም ለማጥፋት እጄ አልታዘዘልኝም።

ዛሬ ሆቴላችን የሚያርፉ ሐበሾች ስለ ፊዮርድ ሲጠይቁኝ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የምትወስዱትን ሰው የት መሄድ እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ "እንዳልሽ" ካለ ደግሞ እንደገና ጠይቁት። እኔ ለአባቴ የሚበጀውን ከእሳቸው በላይ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ፊዮርዱን ሰጥቼ ጓደኛቸውን ነሳኋቸው።

ያኔ ከሐዘን ቤት በወጡበት ረቡዕ፣ ኤርፖርት ስሸኛቸው ግንባሬን ሳሙኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሻንጣቸውን ተቀብለውኝ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ተመለሱ።

"ሜሮን፣ ከእንግዲህ ለኔ አታስቢልኝ" አሉ። "ንገሪኝ።"