ባሌ ባሕር ላይ እንግዳ ሲሆን

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። እኔን ግን አንድም ቀን አሳስቆኝ አያውቅም። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሐይቅ ተከብቤ ስኖር ዳር ዳሩን ከመዞር አልፌ እግሬን እንኳ ነክሬ አላውቅም ነበር። ባሌም ዋና አይችልም። ልዩነታችን እኔ ስፈራ ፈራሁ እላለሁ፣ እሱ ምንም ቢመጣ "ደህና ነኝ" ይላል።

የጀልባው ነገር የመጣው ጡረታ በወጡ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ በኩል ነው። ሚስታቸው አልጋ ላይ በዋሉበት ዘመን ቤታቸው እየሄድኩ ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ካረፉ በኋላ ሽማግሌው እኔንም ባሌንም እንደ ዘመድ ያዙን። ባሌ የሆስፒታል ሠራተኞችን የሚያመላልስ መኪና ይነዳ ስለነበር፣ እረፍት ሲሆን ጎራ ብሎ በራቸው ላይ ያለውን በረዶ ይጠርግላቸዋል። እሳቸው ደግሞ በጋ ሲመጣ በትንሿ የሸራ ጀልባቸው ከተማው መሃል ያለው ሐይቅ ላይ ይወስዱን ጀመር።

የመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሁለት ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት አንስተው "ትፈልጋላችሁ?" አሉን። እኔ ጥያቄው ሳያልቅ ለብሼ ማሰሪያውን እያጠበቅኩ ነበር። ባሌ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ፣ አይም ፋይን" አላቸው። እኛ ዘንድ ይህ መልስ አይደለም፤ ወግ ነው። ጋባዡ "በሞቴ" ይላል፣ እንግዳው "ይቅርብኝ" ይላል፣ ሦስተኛው ልመና ላይ ነገሩ ያልቃል። ሽማግሌው ግን ሰው አንዴ የተናገረውን የሚያምኑ ሰው ናቸው። "ኦኬ" ብለው ጃኬቱን ሳጥኑ ውስጥ መለሱት፤ ከዚያ ወዲህ ደግመው አልጠየቁትም።

በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ላይ ነው ካሪቢያን ባሕር ሄደን ከደሴት ደሴት እንዙር ያሉን። ትልቅ ጀልባ ሊከራዩ አስበዋል፤ ለብቻቸው መሄድ ከብዷቸዋል። እኔ እንቢ ልል አፌን ስከፍት ባሌ "ሰውዬው ሐዘንተኛ ናቸው፤ እንዴት እንቢ ይባላል?" አለኝ። ልጃችን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ፊሊፕስ ሰፈር ያለው አፓርታማችን ሶፋ ላይ ተጋድማ ከስልኳ ቀና ሳትል "ማም፣ ጀስት ጎ" አለች። በጥር በረዶ ተነስተን ላብ የሚያጠምቅ አገር ወረድን።

ጀልባዋን ሳያት ፈራሁ አልኩ። ሸራዋ ነፋስ ሲይዝ በጎኗ ተኝታ ነው የምትሄደው። እኔ ተገለበጥን ብዬ ማርያምን ስጠራ ሽማግሌው በደስታ ያፏጫሉ። እዚህም ጃኬቶቹ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ እኔ የኔን አንዴ ከለበስኩ አላወልቅም፤ ስበላም፣ ስተኛም ለብሼው ነው። ባሌ "ተወልደሽበታል እንዴ?" እያለ ይቀልድብኛል።

መሬት ስንወርድ ግን ነፍሴ ትመለሳለች። የመጀመሪያው ደሴት ላይ ሽማግሌው ዓሣ ወደምትሸጥ ሴት ሄደው "ስንት ነው?" አሏት። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና "ጉድ ሞርኒንግ" ብላ ፊቷን አዞረች። ባሌ ነገሩ ወዲያው ገባው። እንደምን አደርሽ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ባሕሩ እንዴት ይዟችኋል እያለ ሰላምታውን ሲያወርደው ሴትዮዋ ሳቀች፣ ጎረቤቶቿን ጠራች፣ ዓሣውን መርጣ ሰጠችን። ከዚያ ወዲያ በየደሴቱ ቀድሞ የሚወርደው ባሌ ሆነ። "ከየትኛው ደሴት ናችሁ?" ይሉናል፤ መልካችንን አይተው የነሱ ሰዎች እንመስላቸዋለን። "ሚኒሶታ" ስንል "እሱ ደግሞ በየት በኩል ነው?" ይላሉ።

አንድ መንደር ውስጥ አንዲት አሮጊት እንደ ድንች የሚቀቀል ትልቅ ፍሬ ከዓሣ ጋር አቀረቡልን። ባሌ እንደ ልማዱ "በልተናል" ሲላቸው፣ ያለውን እንዳልሰሙ ሆነው ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። ሳህኑን ጠርጎ በላ። እኔም "አየህ? አንተን እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያውቅህ" አልኩት።

ጀልባዋ ላይ ስንመለስ ያው ነው። እንግዳ ሆኖ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ያሳፍረዋል። ገመድ ይጠቀልላል፣ ኩባያ ያጥባል፣ ጫፍ ላይ ቆሞ ውሃ ይደፋል። እሱ ብድግ ባለ ቁጥር እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ።

"ጃኬቱን ልበስ" አልኩት በአማርኛ፣ ሽማግሌው አጠገባችን ሆነው።

"ሁለተኛ አልጠየቁኝም። የሰው ዕቃ ራሴ ከፍቼ ላንሳ?"

"እኔ ልንገራቸዋ።"

"እንዳታዋርጂኝ። መጀመሪያ አልፈልግም ብዬ አሁን ፈራሁ ልበል? ደህና ነኝ አልኩሽ።"

ሽማግሌው ፈገግ ብለው አዩን። ስለ ምሳ የምናወራ ሳይመስላቸው አልቀረም።

በሁለት ደሴቶች መካከል ያለውን ሰፊውን ባሕር በተሻገርንበት ቀን ነፋሱ ከጠዋቱ ጀምሮ ክፉ ነበር። ማዕበሉ ተነስቶ ጀልባዋን ያነሳታል፣ ከዚያ ይለቃታል። እኔ ሆዴ ተገለባብጧል። ሽማግሌው "ዓይንሽን ከፊት ለፊትሽ ካለው ደሴት ላይ አታንሺ፣ ይሻልሻል" ብለውኝ ደሴቲቱ ላይ አፍጥጫለሁ። እሳቸው በሁለት እጃቸው መሪውን ጨብጠው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። ከኋላችን ባዶ የውሃ ጀሪካኖች እየተንከባለሉ ይንኳኳሉ። ባሌ ሊያስራቸው ተነስቶ ሲሄድ ሰማሁት፤ አላየሁትም።

ሊያስመልሰኝ ሲል ፌስታል አቀብለኝ ልለው ዞር አልኩ። ሰው የለም።

ወደ ታችኛው ክፍል የወረደ መሰለኝ። ቀጥሎ ከኋላችን፣ ከማዕበሉ ላይ፣ አንድ ቢጫ ነገር ብቅ አለ። ጀሪካን ነው። ከጀሪካኑ ጎን የባሌ ራስ አለ። በጣም ርቋል። የጮህኩትን ጩኸት አላስታውሰውም፤ ሽማግሌው ዘወር ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ግን እስከ ዛሬ አየዋለሁ። የመንሳፈፊያውን ቀለበት ወረወሩና ክንዴን ይዘው "ጣትሽን ወደ እሱ ቀስሪ። ምንም ቢመጣ ዓይንሽን እንዳትነቅይ። አንቺ ካጣሽው እኔ አላገኘውም" አሉኝ።

ሰው ላይ ጣት መቀሰር ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ባሌ ላይ ቀሰርኩ። ማዕበሉ ሲነሳ ይሰወራል፤ ጣቴ ውሃ ላይ ተቀስሮ ይቀራል። ሲወርድ አንዳንዴ ባልኩት ቦታ ብቅ ይላል፣ አንዳንዴ ትንሽ ወደ ጎን። ከኋላዬ ሽማግሌው ሸራውን ያወርዳሉ፣ ሞተር ያስነሳሉ፣ ጀልባዋ ትዞራለች፤ እኔም በቦታዬ እዞራለሁ። ዓይኔን ብጨፍን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ጨዉ እያቃጠለኝ አልጨፈንኩም። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። እግዚአብሔርንም አልለመንኩም፤ ጊዜ አልነበረኝም።

ገመድ ወርውረውለት፣ እኔም ስጎትት፣ በመሰላሉ ወጣ። ጀሪካኑን አልለቅም ብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅንለት። ሽማግሌው ከሳጥኑ ጃኬት አውጥተው ራሳቸው አለበሱት፤ ማሰሪያው ሁለት ሦስት ጊዜ እንቢ አላቸው። በዚህ ጊዜ ምንም አልጠየቁትም።

ደሴቲቱ ስንደርስ የመንደሩ ሴቶች ገና ከባሕሩ ዳር አይተው ገባቸው። ማንም "ምን ሆናችሁ?" አላለንም። አንዷ እርጥብ ልብሱን አወለቀችለት፣ ሌላዋ ብርድ ልብስ አመጣች፣ ሦስተኛዋ ትኩስ የዝንጅብል ውሃ አፉ ላይ ደቀነችለት። "አይም ፋይን" ሊል ሲል "ጠጣ" አለችው፤ ጠጣ። አንዲት ትልቅ ሴት እኔን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ፀጉሬን ዳበሱኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ሽማግሌው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። በኋላ መጥተው "ነፋሱ ከፊታችን ስለነበር ነው፤ ጩኸቱን ወደ ኋላ ወሰደው። ለዚህ ነው ያልሰማነው" አሉኝ። ይህን ደጋግመው ነገሩኝ። እኔም አመንኩ፤ የቀረውን መንገድ ሁሉ ሳስበው የነበረው፣ እየጮኸ ሳልሰማው መቅረቴን ነው።

ሚኒያፖሊስ ስንደርስ ልጃችን ከኤርፖርት ልትወስደን መጣች። በረዶው መንገዱን ሁለት ጎን አጥሮታል። እሷ እየነዳች፣ ባሌ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ ሆነን፣ እሱ ታሪኩን እንደ ቀልድ አድርጎ ይነግራታል፤ ጀሪካኑን፣ የኔን ጣት፣ ዝንጅብሉን።

"ዌይት፣ ዳድ" አለችው። "ዲድንት ዩ ዬል?" አልጮህክም ወይ ማለቷ ነው።

"ለምን እጮሃለሁ?" አለ፣ እጁን ማሞቂያው ላይ እያሟሟቀ። "ሽማግሌው በዚያ ማዕበል ከመሪው ጋር እየታገሉ፣ እኔ ደግሞ ላስጨንቃቸው? ዞር ሲሉ ያዩኛል ብዬ ጠበቅኩ።"

ልጄ "ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ" ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

እኔ ዞር ያልኩት ፌስታል ልለምነው ነበር። ሆዴ ትንሽ ታግሶኝ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን ከደሴቲቱ ላይ አላነሳም ነበር፤ ሽማግሌውም አይዞሩም። መኪናው ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል። ባሕሩ ላይ ያልያዘኝ ብርክ ያን ጊዜ ያዘኝ፤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ልጄ በመስታወቱ አየችኝና፣ በርዶኝ መስሏት ማሞቂያውን ጨመረችው።