የልጄ መልክ በዋንዛው ሰሌዳ ላይ

ባሌ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ከወረታ በታች፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ስንኖር ዕድሜውን ሙሉ ቀለም ሲመረምር ኖረ። ቀይ አፈር ይፈጫል፤ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ይፍቃል፤ ለልብስ ማጠቢያ የሚሸጠውን ሰማያዊ ከገበያ ያመጣል፤ ሁሉንም በእንቁላል አስኳል ይለውሳል። አንድ ቀለም ሲሞክር ለብቻው አይቀባውም። «ቀለም ብቻውን አይታይም፤ ጎረቤቱ ነው የሚያሳየው» ይል ነበር። ግራጫውን ከቀይ አጠገብ ቀብቶ አረንጓዴ መስሎ ሲታየኝ ይስቅብኛል። እኔ ግን አልስቅም። የሌለ ነገር ማየት ያስፈራኝ ነበር።

አንድ ክረምት በአቅራቢያችን ያለው ደብር እመቤታችንን ልጇን እንደታቀፈች በሸራ ላይ እንዲሥል አዘዘው። የቀረው የሕፃኑ ፊት ብቻ ሲሆን፣ ለፊቱ የሚሆነውን መልክ ከስድስት ዓመት ልጃችን ሊወስድ ፈለገ። እኔ አልወደድሁም።

«ማየት ነው እንጂ ከጉንጯ አልቆርስ። ምን ያስፈራሻል?» አለኝ።

በየማለዳው ልጅቱን ደጃፍ ላይ ያስቀምጥና አንገቷ ላይ ነጭ ነጠላ ይጥልባታል። ጉንጯን አተኩሮ እያየ ቀለም ያማስላል። ልክ ሲመጣለት ከትናንቱ ቀጥሎ፣ በዋንዛ ሰሌዳ ላይ አውራ ጣት የምታህል ምልክት ይቀባል። ልጄ በተቀመጠችበት አትነቃነቅም። ቀድሞ እንዲያ አልነበረችም፤ ቀኑን ሙሉ ዶሮ ስታባርር ነበር የምትውል። ጨዋ ሆነችልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ማለዳ ባሌ ሲነጫነጭ ሰማሁት።

«ይኸ እንቁላል ተበላሽቷል። የትናንቱ ልክ ዛሬ አልገጥም አለኝ። ደግሞ ቢጫ ልጨምር ነው።»

«ዶሮዎቼ ምን አደረጉህ?»

«ዶሮዎችሽማ አንቺን መስለው ሲፈሩ ያድራሉ። የፈራች ዶሮ እንቁላል ምን ይረባል?»

ሳቅን። ያን ዕለት በመጨረሻ የገጠመለትን መልክ ለሸራው ሕፃን ቀባለት።

በማግሥቱ የርብ ወንዝ ሞልቶ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ እስከ አጥራችን መጣ። ሜዳው ጠፋ፤ ሰማዩ ከታች ሆነ። ከቆሙት ከብቶች ሥር ሌሎች ከብቶች ተገልብጠው ይታዩ ነበር። ባሌ ላሞቹን ወደ ከፍታው ሊነዳ ወጣ። እኔ ዕቃውን ወደ ቆጥ ሳወጣ፣ እንዳልነካው የከለከለኝን ሰሌዳ አነሣሁና በደጁ ብርሃን አየሁት።

ፊደል የቆጠርሁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ቢሆንም መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ አውቃለሁ። አነበብሁት። የመጀመሪያው የልጄ ጠይም መልክ ነበር። ሁለተኛውም እሷው ናት። አምስተኛው ላይ ሌላ ነገር ገብቷል፤ ከዚያ እየባሰ ሄዶ አሥራ አንደኛው ያረጀ ሰም መስሏል። ባሌ ሁልጊዜ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር ብቻ ነበር የሚያስተያየው። የአንድ ቀን ልዩነት ደግሞ በእንቁላል ይሳበባል።

ልጄ ከኋላዬ መደብ ላይ ተቀምጣለች። መዞር ፈራሁ። ሳላያት ፊቷን አወቅሁት።

ደጅ አውጥቼ የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ሳብ አደረግሁ። ነጩ ቢጫ ሆኗል።

«እምዬ፣ አንቺም ልትቀቢኝ ነው?» አለችኝ።

ባሌ ሲመለስ ሰሌዳውን ሰጠሁት። ጣቱን ከምልክት ወደ ምልክት እስከ መጨረሻው አሻገረ። «እንቁላሉ አልነበረም» አለ።

ዕቃ ልታግዘኝ የመጣች ጎረቤቴ ግን ሐኪም ቤት እንወስዳታለን ስላት አልተቀበለችኝም። «የወፍ በሽታ ነው፤ ወፍ በላይዋ አልፋ ጥላዋን ጥላባት ነው። ሥር ይታሰርላት። ደሞ ልጅ በሳንቃ ይነበባል እንዴ፣ እቴ?»

«እኔ አንብቤያታለሁ» አልኋት።

በደንገል ታንኳ ወደ መኪናው መንገድ ተሻገርን። ባሌ ይቀዝፋል፤ እኔ ልጄን ታቅፌ ፊት ፊቷን አያለሁ። ውሃው የራሱን መልክ ይሰጣት ነበር። ደመናው ሲገለጥ የዳነች፣ ሲመለስ የሞተች ትመስለኛለች። የቱን እንደምይዝ አጥቼ ዓይኔን ጨፈንሁና እጄን ደረቷ ላይ አሳረፍሁ። ወረታ እስክንደርስ እንዲያ ነበርሁ።

ከዚያ ጎንደር ወስደናት ሐኪሙ ጉበቷ መታመሙን ነገረን። ብዙ ሳምንት ተኝታ ዳነች።

ስንመለስ ካህናቱ ሸራውን ወስደው ከግድግዳው ለጥፈውታል። ባሌ የሕፃኑን ፊት ላስተካክል ብሎ ለመነ።

«ምን ሆነና?» አሉት የደብሩ አለቃ። «ብርሃን የፈሰሰበት ፊት ነው። ሰው እያለቀሰ ነው የሚሳለመው።»

«አባቴ፣ የታመመ ፊት ነው።»

«እንግዲህ አትንካው!»

ባሌ አልነካውም። እኔም አላወራሁም፤ የሰው ጸሎት በምን አፌ እነካለሁ? ነገር ግን ከልጄ ጋር ቤተ ክርስቲያን በገባሁ ቁጥር፣ በቁመት ከበለጠችኝ በኋላ እንኳ፣ አገጯን ይዤ ፊቷን ወደ ደጁ ብርሃን አዞራለሁ።

«እምዬ፣ ሰው ያያል» ትለኛለች።

«ይየን» እላታለሁ፤ ዓይኗን አይቼ እስክጨርስ አልለቅቃትም።