ጓሮዬ ላይ የፈሰሰው ፍግ

ይህን ሳወራችሁ አሁንም ያንገበግበኛል። ኮኪት ከተማ መምህር ነኝ፤ በጓሮዬ ባሚያና ሰላጣ እተክላለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብወጣ መደቡ በሙሉ እርጥብ ፍግ ለብሷል። በአካፋ ገለጥ ሳደርገው የጨነገፈ ጥጃ ከነእንግዴ ልጁ ብቅ አለ።

ደሜ ፈላ። በሰፈራችን ላም የጨነገፈችባቸው ጎረቤቴ አያ ውበቱ ብቻ ናቸው። የእንስሳት ሐኪሙ «በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ጭንጋፉን አርቃችሁ ቅበሩ፤ ፍጉም ሳይብላላ ጓሮ እንዳይገባ» ብሎ ሲያስጠነቅቃቸው አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ።

አካፋዬን እንደያዝኩ በራቸውን ደበደብኩት።

«ምን በደልኩዎት አያ ውበቱ?»

«ምነው መምህር? መሬቱ ከስቷል ብዬ ፍግ ባለብስልህ ትጮኽብኛለህ?»

«ሐኪሙ ያለውን አልሰሙም? ባለቤቴ እርጉዝ ናት! አትክልቱን በእጇ የምትለቅመው እሷ ናት!»

«ሐኪም የሚለው መቼ ያልቃል! ደግሞ የሞተ ጥጃ ማንን ገደለ?»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኳቸው አልናገርም፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን ሰምቶታል። «ቀበሌ እንገናኛለን!» ብዬ ስዞር ሚስታቸው እትዬ ስንዱ ደንግጠው ወጡ።

«መምህር፣ የላሚቱ በሽታ እውነት ለእርጉዝ ያሰጋል?»

«እንዴታ! ጽንሱን ያስወርዳል!»

እትዬ ስንዱ ራሳቸውን ያዙ። «ወይኔ ልጅቷን! ጥሬ ወተት ጽንስ ያጠነክራል ብላ በየማለዳው የላሚቱን ወተት እኮ እዚህ ነው የምትጠጣው!»

ከኋላቸው ባለቤቴ ባዶ ኩባያ ይዛ ቆማ ነበር።