እማዬ ጌም የለመደች ጊዜ

ልጅ እያለሁ በቤታችን የነበረው ጌም አንድ ብቻ ነበር። መዳፍ የምታህል ግራጫ ፕላስቲክ፣ ብሪክ ጌም የምንላት። ከላይ ጡብ ጡብ የሚመስሉ ቅርጾች ይወርዳሉ፤ እያዞሩ ማገጣጠም ነው። መስመሩ ሲሞላ ይጠፋል፤ ካልተገጣጠመ ደግሞ እየተከመረ ጣሪያ ይደርስና ጨዋታው ያልቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። የእኔ እኩዮች ይህን ሲያነቡ አውራ ጣታቸው ሳይነቃነቅ አይቀርም።

ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ከልጄ ከናሆም ጋር ጌም ስጫወት ከረምኩ። የደብረ ብርሃን ክረምት ከቤት አያስወጣም፤ እኔም ልጄ በምን እንደሚመሰጥ ማወቅ ፈለግሁ። እሱ የሚወደው በሰፊ አገር ውስጥ በፈረስ የሚኬድበትን ነው። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ሣሩ በነፋስ ይተኛል፤ ዝናብ ሲዘንብ የፈረሱ ጀርባ ይረጥባል። አንድ ቦታ ላይ ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ሲመጣ የአንኮበር መንገድ መሰለኝና ፈረሱን አፋፉ ላይ አቁሜ ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ። ናሆም ትዕግሥቱ አለቀ። «እማዬ፣ ጋልቢው እንጂ! ለማየት አይደለም'ኮ!» አለኝ። ለእኔ ግን ለማየት ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው፣ ቀስቱ፣ ካርታው፣ እዚህ ሂጂ እዚያ ሂጂ የሚለው ትእዛዝ፣ አድክሞኛል።

ከዚያ የድሮዋን ናፈቅሁና ስልኬ ላይ ፈልጌ ጫንኩ። ጡቦቹ ቀለም በቀለም ሆነዋል። ምንም ሳልሠራ ርችት ይተኩስልኛል፤ በየዙሩ ደግሞ ማስታወቂያ ይመጣል። ጣቴ መስተዋቱ ላይ እየተንሸራተተ ብዙ ጊዜ ተሸነፍኩ። ሆኖም ያ ረጅሙ ጡብ ገብቶ ክምሩን ሲያፈርሰው ከሆዴ የሆነ ነገር ቀለል ሲል ተሰማኝ። የዚያን ጊዜ ነው እማዬ ትዝ ያለችኝ።

አባቴ በአንኮበር መንገድ ከደብረ ብርሃን ጎረቤላ የሚመላለስ አውቶብስ ሹፌር ነበር። ጭጋግ የማይፈራ፣ ሳል ይዞት እንኳ የሚያፏጭ ሰው። አንድ ጊዜ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ቁልቁለቱን ስንወርድ መንገዱ በጭጋግ ሲጠፋ ዓይኔን ጨፍኜ እንደነበር አስታውሳለሁ። እሱ ግን እየሳቀ ይነዳ ነበር። የአምስተኛ ክፍል ትምህርቴን በጀመርኩበት መስከረም ታመመ፤ ወሩ ሳያልቅ ሞተ። ታናሽ ወንድሜ ዳግም ገና ፊደል እየቆጠረ ነበር፤ ለቅሶ ቤቱ ሰው በሰው ሲሆን በዓል መስሎት ድንኳኑ ውስጥ ይሮጥ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ ለቅሶ ደራሹ ቀረ፤ ብርዱ መጣ። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት የባልዲ ውኃ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ ሣሩ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚለብሰው ዩኒፎርም ከእሷ እጅ የወጣ ነው። ከአባዬ ወዲህ ግን የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፍና ከል ለብሳ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ግድግዳውን ታያለች። ምግብ ትሠራልናለች፣ ታጥበናለች፤ ነገር ግን ስናናግራት የምትሰማን ከሩቅ ነበር። ዳግም «እማዬ» ይልና መልስ ሲያጣ ወደ እኔ ዞሮ ያየኝ ነበር።

ብሪክ ጌሟን ያመጣልን አጎቴ ታደሰ ነው፤ የእማዬ ታናሽ። ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጥቶ ስንሰናበተው ከካፖርቱ ኪስ አወጣና «ተስማምታችሁ ተጫወቱ» ብሎ ሰጠን። አልተስማማንም። እኔ ስይዝ ዳግም ያለቅሳል፤ እሱ ሲይዝ እኔ እቆነጥጠዋለሁ። ጥቂት ቀን ከታገሠችን በኋላ እማዬ ከእጃችን ነጠቀችና ስፌት መኪናው አጠገብ ክር የምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ከተተቻት። እኛን ስትቆጣ ራሱ ደስ አለኝ፤ መቆጣትም ከተወች ቆይታ ነበርና።

ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከቤት ውስጥ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ሰማን። በሩን ገፋ ስናደርገው እማዬ በነጠላዋ ተጠቅልላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ጌሟን በሁለት እጇ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ይዛለች። ቀና አላለችም።

«ይኼ ረጅሙ፣ ሲፈልጉት ለምንድን ነው የማይመጣው?» አለች።

ለሳምንታት ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። ዳግም ደብተሩን ጥሎ ጭኗ ላይ ወጣ። ማዞሪያውን ቁልፍ አታውቀውም ኖሯል፤ ቅርጾቹን እንደ መጡ ነበር የምታስቀምጣቸው። «እማዬ፣ አዙሪው! አዙሪው! ይቺን ተጫኚ!» እያለ አስተማራት። የመጀመሪያው መስመር ሞልቶ ሲጠፋ «ውይ!» አለችና ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ማልቀስ አማረኝ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ነው የሚናፍቀኝ። ራት በልተን ሦስታችን አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ ውስጥ እንገባለን። እማዬ መሃል፣ እኛ ግራና ቀኝ። ተራ በተራ እንጫወታለን፤ ያልደረሰው ያያል፣ ይመክራል፣ ይጮኻል። የዳግም አገጭ ትከሻዬን እየወጋኝ፣ የእማዬ እጅ ሽሮ ሽሮ እየሸተተኝ፣ ያቺን መዳፍ የማታህል መስኮት ሦስት ራስ ገጥመን እናያታለን። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ዳግም በጥርሱ ይነክሰዋል፤ ቀን ቀን ደግሞ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ጥቂት ይሠራና እንደገና ይደክማል። እማዬ ሽሮውን እያሳረረች «አንዴ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ» ትለን ነበር። ያረረውን ሽሮ እየበላን እንስቃለን።

እትዬ ወርቅነሽ የመጡት የግማሽ ዓመቱ እረፍት ሲደርስ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሰላ ድንጋይ ነው የሚኖሩት። ልጅ አልወለዱም። ለአርባው በመጡ ጊዜ «አንዱን ልጅ እኔ ላሳድግልሽ» ብለዋት እማዬ እሺ እንደማለት ራሷን ነቅንቃ ነበር። ያኔ ለሁሉም ነገር ራሷን ትነቀንቅ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ቃል ቆጥረውታል። ለዳግም አዲስ ሹራብ ገዝተው፣ ትንሽ ሻንጣ ይዘው መጡ።

ከሰዓት በኋላ ነው። ተራው የእማዬ ነበርና በሳቅ እየጮኽን ሳለ በሩ ተከፈተ። እትዬ ከነመቋሚያቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ። የእማዬን ከል አዩ፤ እጇ ላይ ያለውን አዩ።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ በልጅ መጫወቻ ትስቂያለሽ?» አሏት።

እማዬ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው፤ አልተቀመጡም። «እንግዲያስ ልጁን አዘጋጂልኝ፤ ነገ በጠዋት እንሄዳለን» አሉ። ዳግም ወደ እማዬ ቀሚስ ተጠጋ። እማዬ ልክ እንደዚያን ጊዜ ራሷን ትነቀንቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አለች፤ ድምጿ ቀስ ያለ ነበር። «እሺ ማለቴን አላስታውስም። ያን ጊዜ በራሴ አልነበርኩም። ዳግምን አልሰጥም።»

«በዚህ ሁኔታሽ ልታሳድጊው?»

«ወንድምዎ ከሄደ ጀምሮ ጭንቅላቴ አላረፈም፤ ስተኛም ስነሣም የማየው አልጋው ላይ ተኝቶ ነው። ይቺን ስይዝ ግን ለጥቂት ጊዜ አላስብም። ትንሽ ሳላስብ ቆይቼ ቀና ስል ደግሞ ልጆቼ ይታዩኛል። እትዬ፣ ለካ ልጆቼን አላያቸውም ነበር። አሁን ነው ማየት የጀመርኩት፤ እንዴት አድርጌ ልስጥዎት?»

እትዬ ቀስ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። «እኔስ? እኔ ማንን ልይ? ልጁ ቁርጥ እሱን ነው'ኮ» አሉ። ለካ እሳቸውም ብቻቸውን ግድግዳ ሲያዩ ነው የከረሙት። እማዬ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ተቃቅፈው አብረው አለቀሱ። እኔ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያለቅስ አጠገቡ ምን እንደሚደረግ አላውቅምና ሻይ ጣድኩ።

ዳግም ነው የገላገለን። ጌሟን አንሥቶ እትዬ ጭን ላይ አስቀመጠና «እትዬ፣ የእርስዎ ተራ ነው» አላቸው።

እንባቸውን ጠርገው አዩት። እምቢ ሊሉት አልቻሉም። መነጽር የላቸውም፤ ጌሟን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና የነካቸውን ቁልፍ ሁሉ ተጫኑ። ጡቦቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተቆለሉ ወዲያው ጣሪያ ደረሱ።

«ሞላብኝ» አሉ እትዬ፣ እንደ ልጅ ደንግጠው።

«እኔም መጀመሪያ ሞልቶብኝ ነበር» አለች እማዬ።

በማግስቱ ብቻቸውን ሄዱ። ሹራቡን ለዳግም አለበሱት፤ ባዶውን ሻንጣ ይዘው አውቶብስ ተሳፈሩ። ዳግም የክረምቱን ዕረፍት ሰላ ድንጋይ እንዲያሳልፍ ተስማሙ፤ ከዚያም በየዓመቱ እየሄደ፣ ወተትና ማር ጠግቦ፣ ጉንጩ ቀልቶ ይመለስ ነበር። እትዬ እስኪሞቱ ድረስ ልጅ እንደነበራቸው እቆጥራለሁ።

እማዬ ለፋሲካ አንሶላውን ከመኪናዋ ላይ ገፈፈች። መጀመሪያ የሰፋችው የእኔን ቀሚስ ነው። ቀጥሎ የጎረቤት ልጅ ልብስ መጣ፣ ቀጥሎ ዩኒፎርም፤ ሥራው እየበዛ ሲሄድ ጌሟን የመያዣ ጊዜ አጣች። እኛም አደግን፤ ዳግም ኳስ ወደደ፣ እኔ ጓደኞቼን። ብሪክ ጌሟ መቼ እንደቆመች፣ ማን እንደጣላት ማናችንም አናስታውስም። አንድ ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ሦስታችን አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተናል፤ የመጨረሻ መሆኑን ግን የነገረን የለም።

አሁን ሁሉም አለን። ናሆም በእኔ ልጅነት በሕልም የማይታይ ጌም አለው፤ እኔ በስልኬ፣ ባለቤቴ በስልኩ፣ ለየራሳችን ተራ የማንጠብቅበት መስኮት አለን። ያኔ አባት የሌለበት፣ ብርዱ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባበት ቤት ነበር፤ ያ ይመለስ አልልም። የዛሬውም ጌም ከድሮው ያንሳል አልልም፤ ያን ጭጋግ የሠራው ሰው እጁ ይባረክ። የሚናፍቀኝ ጌሙ አይደለም። ትከሻዬን የሚወጋው አገጭ ነው።

ባለፈው እሑድ እማዬ እኛ ዘንድ ዋለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ስፌት ከተወች ቆየች። ናሆም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ የኳስ ጌም ይጫወታል፤ ብቻውን ይስቃል፣ ብቻውን ይሟገታል። እማዬ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። «ማን እየመራ ነው?» አለችው። አልሰማትም። «ከማን ጋር ነው የሚያወራው ይኼ ልጅ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ከዳግም ጋር ነው እማዬ። እሱም አዲስ አበባ ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት አብረው ይጫወታሉ» አልኳት።

ፊቷ በራ። ዳግምን ካየችው ወራት አልፈዋል። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለችና የሚሯሯጡትን ተጫዋቾች አንድ በአንድ ማየት ጀመረች።

«የቱ ነው?» አለች። «ያ ቀይ የለበሰው ነው?»

«አዎ እማዬ» አልኳት። «እሱ ነው።»