መስታወቱ ላይ የቀረው ዳሌ

አክስቴ ሃያ ስድስት ዓመት ራጅ አንስታለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ላጲስ» ይሏታል፤ የራጅ መስታወቱን በደንብ ሳታጠፋ ሁለተኛ ሰው አታነሳበትማ። መስታወት ይባል እንጂ ግማሹ ሸክላ ነው። ጨረሩን ውስጡ ይዞ ይቆይና ማንበቢያው ማሽን ቀይ ብርሃን ሲያሳልፍበት ሰማያዊ እያበራ የያዘውን ምስል ይሰጣል። ከዚያ ኃይለኛ መብራት ሥር አንድ ደቂቃ ካልቆየ የፊተኛው ሰው ጥላ ይቀርበታል። «የሰው አጥንት ከሰው አጥንት አይቀላቀልም» ትላለች አክስቴ፣ እንደ ጸሎት።

አለቃዋን ግን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። ምሳ ላደርስላት ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ መስታወቱ ላይ እትፍ ብሎ በጋውኑ እጅጌ ወለወለው። በሽተኛ ደረቱን የሚለጥፍበትን! ደግሞ በእናቱ ዕድሜ ያለችውን ሴት «አንቺ» እያለ ነው የሚያዛት። ሰልፉ ረዘመ ብሎ የማጥፊያውን መብራት ወደ አሥር ሰከንድ ያወረደውም እሱ ነው። አክስቴ በተራዋ አምስቴም ስድስቴም ትደጋግመዋለች። እሷ በሌለችበትስ ማን ይደግመዋል?

አንድ ቀን ከሰዓት ተረኛ ሆና ስትገባ፣ ጠዋት የተነሳ የአንዲት ሽንኩርት ሻጭ ደረት ስክሪኑ ላይ አገኘች። ሳንባዋ ላይ ክብ ነጭ ነገር አለ። ሐኪሙ ዕጢ ነው ብሎ፣ ነገ ደረቷ በረጅም መርፌ ተወግቶ ናሙና እንዲወሰድ አዟል። ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ እህቷን «ልጆቼን አደራ» ትላለች።

ለአክስቴ ያ ክብ ነገር የብሎን ራስ መሰላት። መዝገቡን ገለጠች። በዚያው መስታወት ከሴትዮዋ በፊት የተነሳው ዳሌው ውስጥ ብረት የገባለት ሽማግሌ ነው።

«ድጋሚ ትነሳ» አለች።

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ! ድጋሚ ማለት እኮ ተሳስተናል ማለት ነው። በመርፌ ማን ሞተ?» አላት አለቃው፣ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ።

አክስቴ ያንኑ መስታወት ማንም ሳይነሳበት፣ ባዶውን፣ ማንበቢያው ውስጥ ከተተችው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ከሴትዮዋ ደረት ጥላ ጋር የሽማግሌው ዳሌ ደብዝዞ፣ ብሎኑ ግን ቁልጭ ብሎ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

አለቃው አመድ መሰለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ነው ይበልጥ የሚያንገሸግሸኝ፤ ድምፁን አለሰለሰ።

«እትዬ፣ ያጥፉትና እንተወው። እርስዎ ማጥፋት ይወዱ የለ?»

«ይህንንስ አላጠፋውም» አለችና ምስሉን አትማ ለሐኪሙ ወሰደችለት።

ሴትዮዋ በሌላ መስታወት ስትነሳ ሳንባዋ ንጹሕ ሆነ። አክስቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አክስቴ ግን ቤት ስትገባ እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች፤ እህልም አልቀመሰች።

«መብራቱን ካሳጠረው አራት ወር ሆነው» አለችኝ። «ከሷ በፊት ስንቱ ተወግቶ ይሆን?»

በማግስቱ የአራት ወሩን መዝገብ ታቅፋ ወደ ሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮ ስትሄድ፣ አለቃው «እትዬ! እትዬ!» እያለ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላት ነበር።