የእትዬ ዘነበች ኒዮን

ዛሬ ጠዋት የማስተምርበትን ክፍል ስከፍት የቲማቲም ችግኞቼ ግማሾቹ ጠውልገው፣ ተጠብሰው አገኘኋቸው።

የአሰብ ፀሐይ እንዳይፈጃቸው በኒዮን መብራት ነበር የማሳድጋቸው። ጓድ ዳይሬክተሩ ትናንት ኒዮኑን ለቢሯቸው አስነቅለው (ወረቀት የሚያበቅሉ ይመስል!) በምትኩ እንደ ምድጃ የሚግል ትልቅ አምፖል ቅጠሉ ላይ አስጠግተው አሰቀሉ።

ጭራሽ "ችግኞቹ የተቃጠሉት በአንቺ ጥፋት ነው፤ በስብሰባው ግለ ሂስ አድርጊ" አሉኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ይህን ሲሰሙ የቤታቸውን ኒዮን አወረዱ። "ውሰጂ ልጄ፤ በኩራዝም ብበላ እጄ አፌን አያጣውም።"

ከተረፉት ችግኞች አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን በገመድ ሰቀልነው፤ ሲያድጉ ከፍ እናደርገዋለን። እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

እናንተስ ሌላው ላጠፋው ጥፋት ተወቅሳችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ። እኔ ግን ከእንግዲህ ሌላ ሰው ላቃጠለው ችግኝ ግለ ሂስ አላደርግም።